ዘንቢሏ ውስጥ ያለችው

አንዲት ምላሰኛ የገጠር ሴት ከተማ ወጥታ አንድ ሆቴል አደረችና ጠዋት ቁልፏን መለሰች። አውቶቡሷ የሚነሳው ቀትር ላይ ስለሆነ፣ «እስከዚያ ይቺን ዘንቢል አስቀምጡልኝ» ብላ እንግዳ መቀበያው ላይ ብታኖራት፣ ዘንቢሏ «ሚያው!» አለች። ለካ ሴትዮዋ ጎተራዋን ከአይጥ የምትጠብቅላትን ድመት በማለዳ ከእህቷ ቤት ተቀብላ መምጣቷ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሰው ከረባታቸውን እያስተካከሉ ከተፍ አሉ። ሻንጣቸውን አስቀምጠው ክፍል የሚጠይቁ አዳዲስ እንግዶች ቆመው ነበርና፣ እነሱም እንዲሰሙላቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንቺ ሴትዮ! ይሄ ባለደረጃ ሆቴል ነው! የእንግዳ ዕቃ እናስቀምጣለን እንጂ፣ እንስሳ የሚባል ነገር እዚህ ቤት ድርሽ አይልም! አሁኑኑ ይዘሽልኝ ውጪ!»

ሴትዮዋ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«ቃልዎ ይከበር፣ ጌታዬ። ግን እስከ ቀትር ብቻ ያቆዩልኝ። ትናንት ክፍሌ ገብተው ዳቦ ቆሎዬን የጨረሱብኝን አይጦች አንድ በአንድ ለቅማ፣ የተናገሩትን እውነት ታደርግልዎታለች።»

እንግዶቹ ሻንጣቸውን መልሰው አነሱ።

አቶ ደምሰው ዘንቢሏን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።