ያልተነፋው መለከት

ከዚህ ታሪክ መጨረሻ ያለውን አባባል ለሰው ያተረፈው አንድ ሙሽራ ነው፤ እሱ ግን ነፍሱን ሊከስርበት ምንም አልቀረውም ነበር።

ጊዜው እንግሊዞች በየአውራጃቸው የየራሳቸው ንጉሥ የነበራቸው ዘመን ነው። ቱንበርት የሚባል ወጣት ቀንድ ጠራቢ፣ ኦስላክ የሚባሉ ባላባትን ልጅ አጨ። ለአማቱ ከነጭ በሬ ቀንድ መለከት ሠራና አፉን በብር ለበጠው። «ከእርስዎ ከንፈር በፊት የማንም ትንፋሽ አይነካውም» ብሎም መልእክት ላከባቸው።

የሠርጉ ዕለት መለከቱን ባንገቱ አንጠልጥሎ ሲገሰግስ፣ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት ቆየው። በጫካው ዞሮ ከመሄድ በቀር መላ አልነበረውም። ከወንዙ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት አይታው ተጣራች።

«አንተ ልጅ! ከመንገድ ወጥቶ ድምፁን ሳያሰማ ጫካ የሚያቋርጥ እንግዳ በንጉሡ ሕግ ሌባ ነው፤ የገደለው አይጠየቅም። መለከትህን እየነፋህ ሂድ!»

«እጮሃለሁ እንጂ እሱንስ አልነፋም» አላት።

እውነትም «መንገደኛ ነኝ! የሰላም ሰው ነኝ!» እያለ ገባ። ጫካው ግን አላልቅ አለ። ጉሮሮው ደረቀ፣ ድምፁ ሰለለ፣ ኋላም ጭራሽ ተዘጋ። እጁ ወደ መለከቱ ሄደ። የአማቱ ፊት ድቅን አለበትና መለሰው። «ደርሻለሁ እኮ» አለ በልቡ።

ወዲያው ጦር መጥቶ እግሩ ሥር ተተከለ። አሳማ ጠባቂዎች ከየዛፉ ሥር ወጥተው ከበቡት። ሰሞኑን መንጋቸው ተዘርፎ ስለነበር ዓይናቸው ደም ለብሷል። ኬንሬድ የሚባሉት ሽማግሌ አለቃቸው በብር የተለበጠውን መለከት አዩና፣

«ከማን ሰረቅኸው?» አሉት።

ቱንበርት አፉን ከፈተ። ትንፋሽ እንጂ ቃል አልወጣውም።

«ሌባ ምን መልስ አለው!» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ ገመድ ቅርንጫፍ ላይ እየወረወረ።

ገመዱ አንገቱ ላይ ሲያርፍ ቱንበርት አማቱንም ቃሉንም ረሳ። መለከቱን በሁለት እጁ ያዘና ነፋ። አየሩ ብቻ ፍስስ ብሎ ቀረ። ገመዱ ጠበቀ። እንደ ምንም ደግሞ ነፋ።

መለከቱ እንደ በሬ አገሳ። ወፎቹ ከየቅርንጫፉ ተነሡ። ከጫካው ማዶም ሌላ መለከት መለሰ።

«ተው፣ ልቀቀው!» አሉ ኬንሬድ የጎረምሳውን ክንድ ይዘው። «ሌባ በራሱ ላይ ሰው አይጠራም።»

ብዙም ሳይቆይ ሙሽራውን ሲጠብቁ የነበሩት ኦስላክ ከነዘመዶቻቸው በፈረስ ደረሱ። ቱንበርት ገመዱ ባንገቱ እንዳለ ተንበርክኮ መለከቱን ዘረጋላቸው።

«ቃሌን አፈረስኩ» አለ በሹክሹክታ፣ እንባው እየወረደ። «ለእርስዎ ብዬ እስካሁን ሳልነፋው ቆይቼ ነበር።»

ኦስላክ ከፈረስ ወርደው ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈቱለት። «የማይነፋ መለከት ምን ያደርግልኛል? ልጄን በሠርጓ ቀን ማቅ ልታለብሳት ነበር እኮ!» አሉት።

ይህን ጊዜ የሰው ነፍስ በከንቱ ሊያጠፉ የነበሩት ኬንሬድ በረጅሙ ተነፈሱና እንዲህ አሉ፦ «ቀንድ አንጠልጥሎ ዝም ያለ፣ ራሱ ተንጠለጠለ።»