የጋሽ ንጋቱ ቦሎና የእትዬ ትርሲት መሰላል

ይህች ተረት አሮጌ ናት፤ አንዴ ከቆመች ካልተገፋች አትነሳም። ስለዚህ እስክጨርስ አታቋርጡኝ።

ጋሽ ንጋቱ የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ በአሮጊቷ ሰማያዊ መኪናቸው መስታወት ላይ የምትለጠፍ የዘንድሮ ቦሎ። መኪናዋን ለዓመታዊ ምርመራ ወሰዷት። መርማሪው "ፍሬን ይርገጡ" አላቸው። ረገጡ። መኪናዋ ትንሽ አሰብ አድርጋ ጉዞዋን ቀጠለች፤ መርማሪው ዘሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። "ጋሼ፣ ፍሬን ከሌለ ቦሎ የለም!" አላቸው ከዚያው ሆኖ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ በር ላይ ጠበቋቸው። "አንተ ሰውዬ፣ እስከ ዓርብ ቦሎ ካላገኘች ለቁራሌው ነው የምሸጣት። ግቢዬን የብረት መጣያ አደረግከው እኮ!" ጋሽ ንጋቱ ግን እንዴት ይሽጧት! ሦስቱንም ልጆቻቸውን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጡት በዚህች መኪና ነው። አሮጌ ዕቃ እየዞረ የሚገዛው ቁራሌው በኪሎ ሲመዝናት ማየት አልፈለጉም።

መካኒኩ ዘርጋው ተጠራ። መኪናዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፣ ጎማ ፈታ፣ የፍሬኑን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ አውጥቶ አገላበጠው። "ጋሼ፣ ይሄ ተበልቷል። ቶርኖ ቤት ገብቶ በማሽን ካልተስተካከለ ፍሬኑን አልገጥምም።" እንግዲህ ታምቡር ከሌለ ፍሬን የለም፤ ፍሬን ከሌለ ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ መኪናዋ ለቁራሌው።

ታምቡሩን እንደ ሕፃን አቅፈው ኑረዲን ቶርኖ ቤት ገቡ። ኑረዲን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። "ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ ተቃጥሏል። ማሽኔ በምን ይዙር ጋሼ፣ በምራቅ?" አላቸው። መብራት ከሌለ ታምቡር የለም፤ ታምቡር ከሌለ ፍሬን የለም፤ ፍሬን ከሌለ ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ መኪናዋ ለቁራሌው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጫላ ዘንድ ሮጡ። "መሰላሌ ተሰብሯል፤ እንደ ጦጣ ልውጣ እንዴ?" አለ ጫላ። "እትዬ ትርሲት መሰላል አላቸው። እሱን ያስፈቅዱልኝ እንጂ አሁኑኑ እሠራዋለሁ።" መሰላል ከሌለ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ታምቡር የለም፤ ታምቡር ከሌለ ፍሬን የለም፤ ፍሬን ከሌለ ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ መኪናዋ ለቁራሌው።

እትዬ ትርሲት የጋሽ ንጋቱ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ጋሽ ንጋቱ ሲደርሱ እትዬ ትርሲት መሰላሉን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ ጫፉ ላይ ወጥተው፣ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መንገዱን ይቃኛሉ።

"አልወርድም!" አሉ ገና ሳይጠየቁ። "ዶሮዬ ትጥላለች፣ እንቁላሉን ግን ሌባ ይወስደዋል። ሌባውን እስክይዝ ከዚህ ንቅንቅ የለም! ጋሽ ንጋቱ፣ እርስዎ ያዩት ነገር የለም?"

የጋሽ ንጋቱ ጆሮ ጋለ። አንገተ መላጣዋ ዶሮ በጓሮ አጥር ቀዳዳ ሾልካ፣ በየማለዳው የእርሳቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነበር የምትጥለው። እርሳቸውም "መኪናዬ ውስጥ የተገኘ የመኪናዬ ነው" እያሉ በቃሪያ ሲጠብሱት ከርመዋል።

"ኧረ እኔ ምን አይቼ!" አሉና ሹልክ አሉ።

ጫላን ለመኑት፤ እንቢ። ኑረዲንን ለመኑት፤ እንቢ። ዘርጋውን ለመኑት፤ እንቢ። እትዬ ትርሲት ካልወረዱ መሰላል የለም፤ መሰላል ከሌለ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ታምቡር የለም፤ ታምቡር ከሌለ ፍሬን የለም፤ ፍሬን ከሌለ ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ...

"ቁራሌውውው!"

ዓርብ ሆነ። ወይዘሮ አስካለ የግቢውን በር ከፈቱ፤ ወደ መኪናዋ ግን ቀና ብለው አላዩም። ቁራሌው ገብቶ ኮፈኗን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። ያ ድምፅ የጋሽ ንጋቱን አንጀት በላው። አላስቻላቸውም።

"እትዬ ትርሲት!" ብለው ጮኹ በአጥሩ ላይ። "ሌባው እኔ ነኝ! እንቁላልዎን የበላሁት እኔ ነኝ!"

እትዬ ትርሲት ወረዱ። መውረድ ከተባለ ነው እንግዲህ! ነጠላ ጫማቸውን እንደያዙ ጋሽ ንጋቱን በመኪናዋ ዙሪያ አሯሯጧቸው። ቁራሌው ለምስክርነት እንዳይጠራ እግሬ አውጪኝ አለ። እትዬ ትርሲት ሲያሯሩጡ መሰላሉ ባዶ ቀረ፤ ጫላ መሰላሉን አንስቶ ምሰሶው ላይ ወጣ፤ ጫላ ሲወጣ መብራት መጣ፤ መብራት ሲመጣ ኑረዲን ታምቡሩን አስተካከለ፤ ታምቡሩ ሲስተካከል ዘርጋው ፍሬኑን ገጠመ።

እትዬ ትርሲትም ደክሟቸው ተቀመጡ። "የበሉትስ ይሁን" አሉ እያለከለኩ፤ "ሳይጠሩኝ ብቻዎን መብላትዎ ነው የሚያናድደኝ!"

ከሰዓት ወደ ምርመራው ሄዱ። ወይዘሮ አስካለ ከፊት፣ እትዬ ትርሲት ከኋላ፣ ከአጠገባቸው አልወርድም ያለችው ዶሮ። መርማሪው መኪናዋን ገና ሲያያት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ንጋቱ ፍሬን ረገጡ። መኪናዋ ቀጥ አለች። አንድ ሙቅ እንቁላል ከወንበሩ ተንከባሎ እትዬ ትርሲት እጅ ገባ። መርማሪው ከግድግዳው ተላቀቀ፤ ቦሎዋም መስታወቱ ላይ ተለጠፈች።

ወደ ሰፈር ሲመለሱ ያ ድምፅ እንደገና መጣ፤ "ቁራሌውውው!"

ወይዘሮ አስካለ መስታወቱን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አወጡ። "ሂድ ወዲያ! እኛ ቤት የሚሸጥ ነገር የለም!" አሉ፤ እጃቸውም የመኪናዋን በር ሲደባብስ ጋሽ ንጋቱ አዩ።

ተረቴን ለእኔ፣ እንቁላሉን ለእትዬ ትርሲት መልሱ።