የአተላው ድግስ

ተረት ተረት፤ የጓሮ አትክልት።

በአንዲት ሴት የጎመን መደብ ውስጥ፣ በጀርባዋ ቤት የማትሸከም ቀንድ አውጣ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ሌሎቹን ልጆቿን ሴትዮዋ በጎመኑ ዙሪያ የበተነችው አመድ ፈጅቶባታል። ከዚያ ወዲህ ቅጠል እንኳ ደጋግማ ሳታሸት አትነካም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሴትዮዋ ከጠላዋ የተረፈውን አተላ በጣሳ ሞልታ አመጣችና ጣሳውን እስከ አፉ አፈር ውስጥ ቀብራው ገባች። ሽታው ጓሮውን አወደው። የመደቡ ቀንድ አውጣ ሁሉ እየተሳበ ወደዚያው ጎረፈ።

«እማዬ፣ ሴትዮዋ ተጸጽታ ደግሳልናለች፤ እንሂድ!» አለ ሆዳሙ ልጇ።

«ከሄዱት ጎረቤቶቻችን አንድም የተመለሰ የለም። እኔስ አላማረኝም፣ ልጄ።»

«ጥሩ ድግስ ቢሆን ነዋ! ከመጥፎ ድግስማ እንግዳው ቶሎ ይበተናል» ብሏት ሄደ።

እናት ጠበቀች፤ ልጇ ቀረ። ጎህ ሲቀድ ሆዷ አልችል ብሏት እየተሳበች ጣሳው አፍ ላይ ደረሰች። ጎረቤት ሁሉ አተላው ውስጥ ተዘርሯል። ልጇም ከመሃላቸው ነው፤ አይንቀሳቀስም።

«ጠግቦ ተኝቶ ነው» አለች ለራሷ። ልትቀሰቅሰው አንገቷን ስትዘረጋ የጣሳው አፍ አዳለጣት።

ረፋዱ ላይ ሴትዮዋ ጣሳውን አውጥታ ለዶሮዎቿ ደፋችው፤ አዲስ አተላ ሞልታም እዚያው ጉድጓድ መለሰችው። ከአጥር ማዶ አንዲት ቀንድ አውጣ ሽታው ደረሳትና ልጆቿን ተጣራች፤ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ድግሱ ገና አልተበተነም!»

ተረቴን መልሱ፤ ጣሳውን በቀስታ አንሱ።