ከደቦው ኋላ የሚያርም ሰው

እኔ ልሙት! ከምነግርሽ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ይህ ጢሜ ይርገፍ። «በጎ ፈቃደኞቼ ሥራ ያጓትታሉ፤ ሁሉንም ብቻዬን ብጨርሰው አይሻልም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና፣ ፍሬሰላም፣ ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ሊቃውንት የዕፅዋትንና የበሽታን ዘረመል ለማንበብ የሚሠሯቸውን ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ያሽግ ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በሠሪው ቤት እንደ ፈረስ ይጋልባል፤ ደጅ ሲወጣ ያነክሳል። አንዱ ፕሮግራም ሌላውን ካላገኘ አይነሣም፣ ሌላውም ሌላውን፤ ስትከተይው የኖኅ መርከብ ድረስ ይወስድሻል። ይህ ሰው ግን የጎደለውን አሟልቶ፣ አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ማንም በአንድ ትእዛዝ እንዲጭነው አድርጎ በነፃ ይሰጥ ነበር። ጣቶቹ ሲፈጥኑ የቁልፍ ሰሌዳው ይጨሳል፤ ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ በባልዲ ውኃ ይዞ መጥቶ ያውቃል።

ሥራው ሲበዛበት በጎ ፈቃደኞችን ጠራ፤ መጡለት። ግን አንዱ ያሸገውን፣ ዞር ሲልለት ይፈታና እንደገና ያሽገዋል። ደቦ ጠርቶ፣ ሰው ያረመውን ማሳ ከኋላ እየተከተለ የሚያርም ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ? ለከርሞ ማን ይመጣለታል? የሱም ሰዎች ሳይጣሉት፣ ሳይሰናበቱት አንድ በአንድ ቀሩ።

አንድ ቀን አንዲት ተመራማሪ መጣች። በአገሯ አጠውልግ የሚሉት በሽታ እንሰቱን እያደረቀ ከጓሮ ጓሮ ይሻገራል። የትኛው የእንሰት ዓይነት እንደሚቋቋመው የሚለይ ፕሮግራም አግኝታ ነበር፤ በኮምፒውተሯ ላይ ግን አልነሣ አላት።

«ለሚመጣው ተከላ ካልደረሰልን፣ ሰዉ የሚደርቀውን መልሶ ይተክላል» አለችው።

የሰውየው ዓይን በዚያው ሰሞን ታሞ በፋሻ ተጠቅልሏል። መቅላቱ! ክብሪት ቢያስጠጉለት ይቀጣጠል ነበር። ምን ያድርግ? የቀሩበትን ሰዎቹን በስልክ ለመነ።

«ለምን እንለፋለን?» አለች ከሰዎቹ አንዷ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ። «አንተ መልሰህ ልትፈታው?»

«በየትኛው ዓይኔ?» አላት።

ሳቀች፤ መጣች፤ ሌሎቹንም አመጣች። እሱ በአፉ እየመራ፣ እነሱ በእጃቸው እየሠሩ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተሰዳደቡ አሸጉት። በተመራማሪዋ ኮምፒውተር ላይ ተነሣ። የሚቋቋመው እንሰት ታወቀ፤ ለተከላውም ደረሰ።

ፋሻው ሲፈታ ሰውየው ሥራውን አየ። ይሠራል፤ ውስጡ ግን ጠማማ ነው፣ እሱ ቢሆን እንዲያ አያደርገውም። ጣቱን አሳከከው። ሁሉም እጁን እጁን ያያሉ። ቀስ ብሎ ሁለት እጆቹን ጭኑ ሥር ከተተና ተቀመጠባቸው።

«ቀጣዩን ማን ይያዘው?» አለ።

ዛሬ ሰዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ፣ ተሰብስበው ሲያሽጉ የጣታቸው ንፋስ ጣሪያ ይገነጥላል። እሱ ቢያርፍ ሥራው አያርፍም።

አንቺም፣ ልጄ፣ ያ ሰው ነሽ። ፈጣን እጅሽ ማሳሽን ያርማል፣ ደቦሽን ግን ይበትናል። ጠማማውን ቻዪው፤ የሠራው ሰው ነገ ራሱ ያቃናዋል።

ጢሜን ምን ታዪብኛለሽ? እሺ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሬበታለሁ፤ ዓይኑ አልታመመም። ፋሻውን ያሰረው ራሱ ነው።