የአራት ቃል መመሪያ

በአንድ የዓይን ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ መልስ የማይቸግራት ሴት ነበረች። ክሊኒኩ የቀጠሮውን ሥራ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ሰጠ። ረዳቱ ቀጠሮ የሚይዝባቸውንና የሚሰርዝባቸውን የኮምፒውተር መሣሪያዎች ከመጠቀሙ በፊት የሚያነበውን መመሪያ የጻፉት ሥራ አስኪያጁ፣ ዶክተር ልዑልሰገድ፣ ራሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ሴትዮዋ «የወይዘሮ ብዙነሽን ቀጠሮ ሰርዝልኝ» ብላ ረዳቱን አዘዘችው። እሱም የሦስት መቶ ሰው ቀጠሮ ሰረዘ። በማግስቱ ከየአገሩ የመጣው ሕመምተኛ በሩን አጣበበው።

ስብሰባ ተጠራ። ዶክተሩ መመሪያውን በሠራተኛው ፊት ሰጧትና «እስቲ አንቺው መዝኚው» አሏት። «አንድ የተሳሳተ ቃል አውጪ። ካጣሽ አሥር ከአሥር ብለሽ ፈርሚ፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የትእዛዝ ሰጪዋ ነው፤ ከሥራዋም ትሰናበታለች።»

አነበበችው። «ይህ መሣሪያ ቀጠሮ ይሰርዛል» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ደግማ አነበበችው። ስሕተት አጣችበት።

«የተሳሳተ ቃልስ የለውም» አለች። «ግን የካርድ ቁጥር ካልተሰጠው የሁሉንም እንደሚሰርዝ የት ላይ ይናገራል?»

ዶክተሩ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ሳቁ። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ሲባል አልሰማሽም እንዴ?»

ሴትዮዋ ከአሥር ሁለት ጻፈች፤ ፈረመችና ወረቀቱን በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

«ሰምቻለሁ፣ ዶክተር። አንበሳዎ ስላልመተሩለት እኮ ነው ሦስት መቶውንም ጠርጎ የበላው።»