የጋሽ ልሳኑ ለስላሳ ሳጥን

አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ ነበሩ። እሳቸው የላጉት እንጨት ላይ ዝንብ እንኳ ብታርፍ ያዳልጣታል ይባልላቸው ነበር።

በሰፈራቸው በጎ ፈቃደኞች ተሰባሰቡ። ያረጁት ዛፎች ተቆርጠው፣ ትንንሾቹ ወፎች እንቁላል የሚጥሉበት ሽንቁር አጥተው ነበርና፣ “ሳጥን ሠርተን በየዛፉ እንስቀልላቸው” ተባለ። አናጢው ደስ አላቸው። ስድስት ሳጥን ሠሩ። ውጪውንም ውስጡንም ላጉት። “አናጢ የሚለየው በማይታየው በኩል ነው” ይሉ ነበር። ልክ ነው እኮ! ለቁም ሳጥን ልክ ነው።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች በየሳምንቱ መሰላል አስደግፈው ሳጥኖቹን ያዩ ነበር። ወፎቹ ገቡ፤ እንቁላል ጣሉ፤ ፈለፈሉ። ሰፈሩ ተደሰተ። አንድ ቅዳሜ ግን ወይዘሮ ዘነበች የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈቱ። ሦስት ጫጩቶች፣ ላባቸው የሞላ፣ ክንፋቸው የደረሰ፣ ከታች ሞተዋል።

አናጢው ተጠርተው መጡ። “ምን ነካቸው? እባብ ገባ?”

“እባብስ አልገባም፣ ጋሽ ልሳኑ። እስቲ እጅዎን ያስገቡ።”

አስገቡ። ዳሰሱ። ግድግዳው እንደ መስታወት ነው። ቀዳዳው ከላይ ነው፣ ሰማዩ ይታያል፤ ቧጥጠው የሚወጡበት ግን የለም። ሽማግሌው እዚያው ዛፉ ሥር አለቀሱ።

“ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ አራት አሉ” አሉ ወይዘሮ ዘነበች። “በሕይወት አሉ፤ ይጮኻሉ።”

ጫጩቶቹን አውጥተው በነጠላቸው አቀፏቸው። ጋሽ ልሳኑ መሮ አነሡ፤ መልሰው አወረዱት። “እኔ የላግሁትን እንጨት ጭሬ አላውቅም።”

“በሞቴ፣ ዛሬ ይጫሩት!”

ጫሩት። ከወለሉ እስከ ቀዳዳው፣ የተጣመመ፣ የሚያስቀይም ጭረት። ጫጩቶቹን መለሷቸው። የቀሩትንም ሳጥኖች እንዲሁ ጫሯቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ዛፉ ሥር ቆሙ። አንዷ ብቅ አለችና በረረች። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋም። አራተኛዋ ቧጠጠች፤ ተንሸራተተች፤ እንደገና ቧጠጠች። ጋሽ ልሳኑ ሰው የሚያጽናኑ ይመስል “አይዞሽ፣ አይዞሽ የእኔ ልጅ” ይሏታል። ወጣች።

ወገኖቼ፣ የእናንተ ቤት እንዴት ነው? ላጋችሁት? ልጆቻችሁ ስለ እናንተ ምን ያውቃሉ? “አባዬ ጎበዝ ነበር። እማዬ ተሳስታ አታውቅም።” ያለቀስንበትን ላግነው። የተሳሳትንበትን ላግነው። የወደቅንበትንማ ቫርኒሽ ቀባነው! ከዚያ ልጃችን ሲወድቅ ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ያየናል። ምኑን ይቧጥጥ?

እኔ ስምንተኛ ክፍል ወድቄአለሁ። ሁለት ጊዜ። አትሳቁ! ልጄ ይህን የሰማችው ባለፈው ወር ነው፤ ራሷ ወድቃ፣ ሦስት ቀን ክፍሏን ዘግታ ከተኛች በኋላ። በሩ ሥር ተቀምጬ ነገርኳት። አፍሬ ነበር። ከዚያ፣ “አባዬ፣ ሁለተኛውን ስትወድቅ ለአያቴ ምን አልካት?” አለችኝና በሩን ከፈተች።

ዛሬ ቤት ስትገቡ መሮአችሁን አንሡ። አንድ ጠባሳ፣ አንድ ብቻ፣ ለልጃችሁ አሳዩ። ያማል፤ ጋሽ ልሳኑም መሮውን አንሥተው መልሰው አውርደውት ነበር። ግን በአንዳንዶቻችን ቤት አራተኛዋ ጫጩት አሁንም ከታች ናት፤ እየጠራችን ነው።