ቀዩን ለብቻው ያየው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሄሊኮፕተር ማብረር በለመዱበት ዘመን፣ የእመት አህያ ውርንጭላ ከተራራው ማዶ በጠና ታመመ። እናቲቱ መድኃኒቱን በመከራ አግኝታለች፤ መንገዱ ግን በእግር ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ውርንጭላው ደግሞ ሁለት ቀን አይቆይም። ንጉሥ አንበሳ ይህን ሰምቶ አዘነላትና፣ «በሉ፣ የእኔን ሄሊኮፕተር ውሰዱ፤ ቀበሮ ያብርር» አለ።

ሊነሱ ሲሉ አያ ጅቦ እያለከለከ ደረሰ። «እኔም በሽተኛ ልጠይቅ ነው!» ብሎ፣ ማንም ሳይጋብዘው ከፊት ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ነጠላዎን ምነው አዘቀዘቁት? ለቅሶ እኮ አይደለም!» አለች እመት አህያ ደንግጣ።

«ኧረ በችኮላ ነው!» አለና አስተካከለው። በሽተኛ ልጠይቅ ያለን መመለስ ነውር ስለሆነ እሷም ከኋላ ገብታ ተቀመጠች።

እመት አህያ ጭንቀቷን በጥያቄ የምታስታግስ ፍጥረት ናት። ከፊት የሚያበራውን መስታወት እያየች፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ካርታ ነው» አለ ቀበሮ። «ከእኛ በታች የራቀው መሬት አረንጓዴ፣ የተጠጋን ቢጫ፣ ከእኛ በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ቀይ ሆኖ ይታያል።»

«በጉም ውስጥ እንዴት አድርጎ ያየዋል?»

«አያይም። ተራራውን ሁሉ አስቀድሞ አጥንቶ በሆዱ ይዟል። እኛ ያለንበትን ቦታ ከዚያ ጋር ያመሳክርና መሬት ሲቀርበን ይጮኻል።»

«ያላጠናው ተራራ ቢኖርስ?»

ቀበሮ ሞተሩን አስነሳ። አያ ጅቦ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማም፤ ስለ ምሳ እያሰበ ነበር።

ሸለቆውን ይዘው ዝቅ ብለው ሲበሩ ማስጠንቀቂያው፣ «መሬት! መሬት!» እያለ አላስቀምጥ አላቸው። ጉብታ ባለፉ ቁጥር ይጮኻል፤ ዳገት ባለፉ ቁጥር ይጮኻል። «ዝቅ ብዬ የምበረው አውቄ ነው! አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አለ ቀበሮ፤ ቁልፉን ተጭኖም ድምፁን ዘጋው። ብልጥ መካሪ አይወድም።

ወዲያው ጉም ዋጣቸው። ቀበሮ መሬት አያለሁ ብሎ ዓይኑን በመስኮቱ ላይ ተከለ። በካርታው ላይ ቀይ ነገር ብቅ አለ፤ እየሰፋም መጣ። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ሥጋ!» አለ በልቡ። «ያውም የሰንጋ! ከተናገርኩ ሊካፈሉኝ ነው።» ነጠላውን ዘርግቶ መስታወቱን ሸፈነው።

ከኋላ እመት አህያ፣ «ቀበሮ፣ ያ ጯሂ ለምን ዝም አለ?» አለች።

«እኔ ዘግቼው ነው። ነዝናዛ ነው።»

«ተራራው ጋ ደረስን?»

«ገና ነን።»

«ገና መሆናችንን ማን ነገረህ?»

ለቀበሮ የነገረው ማንም አልነበረም። ቁልፉን መልሶ ቢጫን፣ «ተራራ! ተራራ! ወደ ላይ!» የሚል ጩኸት ጆሯቸውን በጠሰው። እጀታውን ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ሄሊኮፕተሩ አቃሰተ፤ ጉሙ ሲገለጥ ጥቁር አለት ከእግራቸው ሥር በክንድ ርቀት አለፈ።

ነጠላው ከመስታወቱ ላይ ተንሸራተተ። ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴ ሆኗል።

«በላችሁብኝ!» ብሎ አለቀሰ አያ ጅቦ።

ማዶ አረፉ። ውርንጭላው መድኃኒቱን ጠጣ፤ ወደ ማታ ጆሮውን አቁሞ የእናቱን ጡት ፈለገ። ቀበሮ ይህን ቆሞ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እመት አህያ፣ እኔ በብልጠቴ ልጨርሳችሁ ነበር» አለ። «ሌላ ቀን አብረን ከበረርን ከፊት ተቀመጪ፤ ብሰለችም ጠይቂኝ።»

ከዚህ የምንማረው፣ መቶ ጊዜ በከንቱ የጮኸብንን ዝም ስናሰኝ፣ ሊያድነን የሚጮኸውንም አንድ ቀን አብረን ዝም እንደምናሰኘው ነው።